ሦስት ነፍስ በአንድ ብር

ከጣርማበር በታች፣ ጉም እንደ ጎርፍ ወርዶ፣
ደብረ ሲናን በቀን፣ በነጭ ሸማ ጋርዶ፣
የጭነት መኪናው፣ መብራት አብርቶ ሲያልፍ፣
እኛ እትዬ ጌጤ ደጅ፣ ነፍስ ልንገዛ ሰልፍ።

ሦስት ነፍስ በአንድ ብር።
ዱቤ የለ፣ ምርቃት የለ፤
ኩርኩም ግን በነጻ ነበር።

ልጇ ቢያድግልኝ፣ ሊዘምት ሲሰናዳ፣
ከመርካቶ አመጣው፣ እናቱ እንዳትጎዳ፤
ካሴት አይጎርስ፣ ዲስክ አይውጥ፣ ጨዋታው በሆዱ፣
ቢጫ ገመድ ከቢጫ፣ ቀዩም ከዘመዱ፣
ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አንዴ ከተሰካካ፣
እጀታው ራሱ ነው፣ መጫወቻው ለካ!

«ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ፣ ዘጠና ዘጠኝ ጌም»
ይላል ካርቶኑ። ይበል፤ ችግር የለም።
እኔና ማንያዘዋል፣ አንድ ክረምት ቆጥረን፣
ዐሥራ አንድ ብቻ ሆኖ፣ ተያይተን ቀረን።
የቀረው ያው ራሱ፣ ዛፉን ቀይ ቀብቶ፣
ያው ዘላይ ሰውዬ፣ ስም ቀይሮ መጥቶ።

አንደኛው እጀታ፣ ደህናው፣ የታላቅ ነው፤
ሁለተኛው ግን፣ ግራው የደነዘው፣
ቀኝ ይሄዳል፣ ይዘላል፣ ይተኩሳል ደግሞ፣
ወደ ግራ ሲሉት፣ እንቢ ይላል ቆሞ።
እኔ ታናሽ ነበርኩ፣ እሱ ሆነ ዕጣዬ፣
መመለስ የማያውቅ፣ ነበረ ጀግናዬ።
ያለፍኩት ሳንቲም፣ ከኋላ ቢያበራ፣
ምን ላድርግ? አልፌዋለሁ፤ የለኝማ ግራ።

መብራቱስ?
ዘንዶው አንድ ምት ሲቀረው፣ እስትንፋስ ሲያጥረን፣
ጧ! ኮረንቲ ሄዶ፣ በጨለማ ሲያስቀረን፣
«ብራችንስ?» እንላለን። ክብሪት እየዳበሰች፣
«መብራት ኃይል ሂድና፣ ነፍስህን አስመልስ!» አለች።

አንድ ማታ፣ ሹራቤን ረስቼ ተመለስኩ፤
በሩ ገርበብ ብሏል፤ ልገባ ስል ቆምኩ።
ድምፁ ተዘግቷል። ግድግዳው ላይ
ሰማያዊ ብርሃን ይዋኛል።
እትዬ ጌጤ፣ በጋቢ ተጠቅልላ፣ በርጩማ ላይ፣
ታንክ ትጫወታለች፣ ብቻዋን፣ ሰው ሳያይ።

ታውቁታላችሁ፦ ከታች አንዲት ወፍ አለች፣
በሸክላ ጡብ የታጠረች፤
ታንኩ ከላይ ይወርዳል። ወፏ ከተመታች፣
ስንት ነፍስ ቢተርፍህ፣ በቃ፣ ጨዋታው አለቀ።

እሷ አትተኩስም። አንድም ጥይት ከእጇ አልወጣ፤
ወፏ ፊት ሄዳ ትቆማለች፣ የመጣው ይምጣ።
አንዷን ነፍስ ሰጠች። ሁለተኛዋን ሰጠች።
የያዘችው ደግሞ ያንኑ፣ ግራ የሌለውን፤
ለደንበኛ ብላ በጨርቅ ሸፍናዋለች፣ ደህናውን።
ወፏን በግራ በኩል መቷት።
«ምጽ» አለች።
ጋቢዋን አስተካክላ፣ እንደገና ጀመረች።

ገበያ በሄደች ቀን፣ በቢላ ጫፍ ፈታሁት፤
ከግራው ቁልፍ ሥር፣ ላስቲኩን ሞቶ አገኘሁት።
ከተጣለ የሲጋራ ፓኮ፣ ብርማውን ወረቀት
በጥፍሬ ልክ ቆርጬ፣ በማስቲካ ለጠፍኩት።
ለማንም አልተናገርኩ፣ ለማንያዘዋልም።
በማግስቱም ያው ነው፦ ሦስት ነፍስ በአንድ ብር፤ ቅናሽ የለም።

ማታ፣ ያው ገርበብ ያለ በር፣ ጉሙ ከጀርባዬ።
ታንኩ በግራ መጣ።
ሄደች።
ቆም ብላ አውራ ጣቷን አየችው፣ የሌላ ሰው ይመስል፤
ደግማ ተጫነችው፤ ደግሞ ሄደላት።
ከዚያ በኋላ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ፦
«ወግድ... በዚህም በኩል አለሁ... ወግድ...»

ጧ! ኮረንቲ ሄደ።
ከላይ መንገዱ፣ ከታች ገደሉ፣ ከተማው ሁሉ አንድ ጥቁር።

«ይኸው፣ አልመቷትም» አለች፣ ለማንም አይደለም።
ቀጥላ፣ ወደ በሩ፦
«አንተ፣
ዛሬም ሹራብህን ረሳህ?»